ማን ልበል?

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስሜንና የይለፍ ቃሌን ጠይቆ፣ በስልኬ የላከልኝን ስድስት አኃዝ ተቀብሎ፣ «እንኳን ደኅና መጡ» በማለት በክብር ያስገባኝ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር፣ ቡና ጠጥቼ ስመለስ ፊቱን አጥቁሮ «ማን ልበል?» ማለቱ ዘወትር ያስገርመኛል። እርግጥ ነው፣ በወለጋ ምድር ቡና ጠጥቶ መመለስ የአፍታ ጉዳይ አይደለም፤ አቦልን ቀምሶ መነሣት ባለቤቲቱን ማስቀየም፣ ቶናን ትቶ መሄድም ነገር መፈለግ ስለሚመስል፣ በረካ እስኪቀዳ መቀመጥ ግድ ይሆናል። ኮምፒውተሩ ግን ከአቦል ወዲያ ያለውን ሥርዓት አያውቅም፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ካለፈ ያ ሁሉ የጠዋት ትውውቅ እንዳልነበረ ይሆናል።

ነቀምቴ ደግሞ ሰውን በግንባሩ «ማን ነህ?» ብሎ መጠየቅ የማይወደድበት ከተማ ነው። ከቡርቃ ጃቶ ተነሥቶ ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው በየመንገዱ «አካም ቡልቴ» ሲባል ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ይመልሳል እንጂ ስሙን የሚጠይቀው የለም፤ እንግዳ የሆነ እንደ ሆነም የሚጠየቀው የማን ልጅ እንደ ሆነ ነው። አባቱ ካልታወቀ አያቱ ይጠራል፤ አያቱ ካልታወቀ የትውልድ አገሩ ይነሣል፤ ነገሩ ሄዶ ሄዶ እንግዳው የጠያቂው የአክስት ባል ዘመድ ሆኖ ይገኝና ከዚያ ወዲያ በሩ ክፍት ይሆናል።

ኮምፒውተር አያት አያውቅም። የሌቃ ነቀምቴው ገዥ የደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ፣ በክርስትና ስማቸው የደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ቤተ መንግሥት ዛሬም በከተማችን ቆሞ ይታያል፤ በአጠገቡ ባለፍሁ ቁጥር የሚታሰበኝ፣ በዚያ ደጅ የቆመ ዘበኛ ጠዋት እጅ ነሥቶ ያስገባውን ባለሟል ከእኩለ ቀን በፊት እንደ ገና አስቁሞ «ስድስት አኃዝ ንገረኝ» ቢለው ኖሮ ዘበኛው ከነዘንጉ የሚደርስበት ነገር ነው።

ይሁን እንጂ ያለፈውን ዘመን እያመሰገኑ የዛሬውን መውቀስ የሽማግሌ ልማድ መሆኑን ስለማውቅ፣ ወደ ሁሉ በአንድ የይለፍ ቃል ከሚያስገባው ከዛሬው «አንድ መግቢያ» ሥርዓት በፊት የነበረው ኑሮ ምን ይመስል እንደ ነበረ መናገር ይገባኛል። በማውቀው በአንድ መሥሪያ ቤት ለደብዳቤው አንድ፣ ለሒሳቡ አንድ፣ ለንብረቱ አንድ፣ ለዓመት ፈቃዱ አንድ የይለፍ ቃል ነበረ፤ እያንዳንዱም የየራሱ ቀኖና ነበረው። አንዱ ካፒታል ፊደል ካልገባበት አይቀበልም፤ ሁለተኛው ነጥብና ሰረዝ ያስቆጣዋል፤ ሦስተኛው በየወሩ ካልተለወጠ በሩን ይዘጋል። ከዚህ የተነሣ በየጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ አንዳንድ ትንሽ ደብተር ተወለደች፤ በደብተሪቱም ውስጥ የመሥሪያ ቤቱ ምስጢር ሁሉ ከዕቁብ ሒሳብና ከአንጮቴ ዋጋ ጋር ተጽፎ ይገኝ ነበር።

በዚያው መሥሪያ ቤት ሁላችንም «አዴ» እያልን የምናከብራቸው አንዲት ገንዘብ ያዥ ነበሩ፤ ሳንቲም ጎድሎባቸው የማያውቅ፣ የካዝናውን ቁልፍ ከማተባቸው ጋር አስረው የሚውሉ፣ ለባላቸው እንኳ የማያስነኩ ሴት ናቸው። እኒህ ሴት በየወሩ ቃል ለውጡ ሲባሉ ብልሃት አገኙ፤ በመስከረም «መስከረም» ብለው የዓመቱን ቁጥር ያስከትላሉ፣ በጥቅምት «ጥቅምት» ይላሉ፣ በኅዳርም እንዲሁ። የካዝናው ቁልፍ በደረታቸው ሳለ የሒሳቡ ቁልፍ ግን በግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ለአላፊ አግዳሚው ይነበብ ነበር። ጳጉሜን ብቻ አልተጠቀሙባትም፤ የአምስት ቀን ወር በመሆኗ ሥርዓቱ «አጭር ነው» ብሎ እንዳይመልስባቸው የሠጉ ይመስለኛል።

በእርሳቸው መፍረድ አይቻልም። ይህን በየጊዜው ለውጡ፣ ፊደልና ቁጥር ቀላቅሉ የሚለውን ትእዛዝ በዓለም ላይ ያሠራጨው እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ይሠሩ የነበሩት ቢል በር የተባሉ ሰው የጻፉት መመሪያ ነው፤ እርሳቸውም ጡረታ ከወጡ በኋላ በ2017 ለዎል ስትሪት ጆርናል ጋዜጣ ካዘዙት ነገር የሚበዛው እንደሚያጸጽታቸው ተናገሩ። ተቋሙም በዚያው ዓመት መመሪያውን ለውጦ፣ ያለ ምክንያት በየጊዜው አታስለውጡ፣ ከተቀላቀለ አጭር ቃል ረጅም ቃል ይሻላል አለ። ሕጉን ያወጣው ሰው ንስሐ ገባ፤ ሕጉ ግን ነቀምቴ ሲደርስ ገና ትኩስ ነበር፤ ዛሬም በብዙ መሥሪያ ቤት እንደ ተከበረ ይኖራል።

እንግዲህ «አንድ መግቢያ» የመጣው በዚህ ጭንቅ መካከል ነው። አሠራሩን ያስረዳን የአይቲው ልጅ ነው፤ በዕድሜ ከሁላችንም ያነሰ፣ በሥልጣን ግን ከሥራ አስኪያጁ የማያንስ፣ ምክንያቱም ኔትወርኩ ሲጠፋ ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው «ወንድሜ» እያሉ የሚለማመጡት ሰው ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ለመሥሪያ ቤቱ ሥርዓት ሁሉ አንድ ዐጻዌ ኆኅት፣ ማለትም በር ጠባቂ፣ ይሾማል፤ ሠራተኛው ጠዋት ማንነቱን ለእርሱ ብቻ ያስረዳል፤ እርሱም መርምሮ፣ የሚያበቃበት ሰዓት የተወሰነለት፣ በረቂቅ የሒሳብ ስሌት የታተመ ማረጋገጫ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ሒሳቡም፣ ንብረቱም፣ ደብዳቤውም ማኅተሙን አይተው ያስገቡታል እንጂ የይለፍ ቃሉን አይጠይቁትም፣ አያዩትምም። አንድ ቃል ብቻ መያዝ ስለሚበቃ ቃሉ ረጅም ሊሆን ይችላል፤ ደብተሪቱም ወደ ዕቁቧ ትመለሳለች።

ሌላም ጥቅም አለው፤ ይኸኛው ለእኔ ከሁሉ ይበልጥብኛል። ሰው ከሥራ ሲለቅ ዐጻዌ ኆኅቱ አንድ ጊዜ ከዘጋበት በሁሉም ይዘጋበታል። ቀድሞ ግን ስንብት በየመዝገቡ በተናጠል ስለሚፈጸም፣ ከዓመታት በፊት ወደ ጊምቢ ተዛውሮ የሄደ አንድ ሾፌር በንብረት መዝገቡ ላይ በሥራ ገበታው እንዳለ ይቈጠር ነበር፤ ኦዲተሮች ሲመጡ ሰውዬው በሌለበት አራት ጎማና አንድ ክሪክ ተረክቦ ተገኘ። ጎማውን ማን እንደ ወሰደው እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ መዝገቡ የሚያውቀው ስሙን ብቻ ነው።

ሆኖም አበው «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» ያሉት ለዚህ ይመስላል። አሥር ደጅ ሲኖር አንዱ ቢሰበር ዘጠኙ ይተርፋል፤ ደጁ አንድ ሲሆን ግን በእርሱ የገባ ሌባ የቤቱ ጌታ ነው። ደግሞም ዐጻዌ ኆኅቱ ራሱ የሚደፈርበት ጊዜ አለ። ይህንኑ የመግቢያ አገልግሎት ለብዙ ሺህ ድርጅቶች የሚሸጠው ኦክታ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2023 የደንበኞች ድጋፍ ክፍሉ ተጥሶበት፣ ደንበኞቹ ለእርዳታ በላኳቸው ፋይሎች ውስጥ የነበሩ ማረጋገጫዎች በሌባ እጅ ወደቁ፤ ነገሩ ከሥሩ ሲጣራም አንድ ሠራተኛ በኩባንያው ላፕቶፕ ላይ የግል የጉግል ስሙን ከፍቶ ስለ ነበረ፣ የሥራው የይለፍ ቃል እዚያው ተቀምጦ እንደ ተገኘ ኩባንያው ራሱ ገለጠ። ቁልፍ ሻጩ ቁልፉን የጣለው እንግዲህ ሰው ሁሉ በሚጥልበት ቦታ ነው፤ ቀለል ይለኛል ብሎ።

ስለዚህ ለአንዱ ደጅ ሁለተኛ ምስክር ተጨመረለት፤ ያ በስልክ የሚመጣው ስድስት አኃዝ ማለት ነው። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የወለጋ ሰው ደግነትና የማሽኑ ጥርጣሬ ፊት ለፊት የተገናኙት።

አንድ ቀን ክፍያ የሚያጸድቁት የሥራ መሪ ለስብሰባ ወደ ጊምቢ ጉዞ ጀምረዋል። የይለፍ ቃላቸውን አስቀድመው ለጸሐፊያቸው ሰጥተዋታል፤ ይህ በየመሥሪያ ቤቱ የመተማመን ምልክት እንጂ እንደ ጥፋት አይቈጠርም። ስድስቱ አኃዝ ግን የሚመጣው በእርሳቸው ስልክ ነው፤ ስልካቸውም ከእርሳቸው ጋር ወደ ዲዴሳ ሸለቆ እየወረደ ነው። ክፍያ የሚጠባበቁት ሰዎች በመስኮቱ ፊት ተሰልፈዋል። ጸሐፊዋ ደወለችና፣ ሁለት እጇ በኮምፒውተሩ ላይ ስለ ሆነ ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ሰባት፣ አራት፣ ዜሮ…» አሉ የሥራ መሪው።

«ጋሼ፣ ይቈራረጣል! ከአራት ቀጥሎ?»

«ዜሮ! ዜሮ ነው ያልኩሽ! ከዚያ ዘጠኝ…»

«ዘጠኝ ነው ወይስ ስድስት?»

«ዘጠኝ ነው ያለው» አሉ ከሰልፉ ውስጥ አንድ ጋቢ የለበሱ አዛውንት፣ በዱላቸው ወደ ስልኩ እያመለከቱ።

«ስድስት ነው፣ አባቴ» አለ ከኋላ የቆመ ተማሪ።

ልጅ ያዘለች ሴት ደግሞ ዘጠኝ ማለታቸውን በእግዚአብሔር ስም መሰከረች። በዚህ ክርክር መካከል የአኃዙ ጊዜ አለፈና ኮምፒውተሩ ሌላ ጠየቀ፤ ሌላው ሲመጣ ድምፁ ጠፋ፤ ሦስተኛው ሲላክ ግን ሰልፉ በሙሉ ተደራጅቶ ነበርና፣ ከስልኩ የሚሰማውን እያንዳንዱን አኃዝ በአንድ ድምፅ እየተቀበለ አስተጋባ፤ በሩ ተከፈተ፤ ሰዎቹም እርስ በርሳቸው ተመሰጋገኑ። የሥራ መሪው መስመሩ ከመቈረጡ በፊት የመጨረሻ ቃላቸውን በታላቅ ድምፅ አሰሙ፦ «ምስጢር ነው እንግዲህ! ለማንም እንዳትነግሪ!»

በዚያን ዕለት ማንም አልተሰረቀም፤ ክፍያውም ትክክል ነበር። ነገር ግን መዝገቡ ሲከፈት፣ ዲዴሳን ሲሻገሩ የነበሩት ሰው በዚያችው ደቂቃ ነቀምቴ ተቀምጠው ሲፈርሙ እንደ ነበረ ይናገራል። በአንድ ጊዜ በሁለት ቦታ መገኘት ለአንዳንድ ቅዱሳን የተሰጠ ጸጋ መሆኑን በገድላት እናነባለን፤ ለሥራ መሪ መሰጠቱን ግን ኦዲተር የሚቀበል አይመስለኝም።

ቁልፍን ስለ ማዋስ ካነሣን፣ ጌታችን መራኁተ መንግሥተ ሰማያትን ለጴጥሮስ እንደ ሰጠው ወንጌል ይነግረናል፤ ጴጥሮስ ግን «እስክመለስ ያዝልኝ» ብሎ ለወንድሙ ለእንድርያስ እንደ ሰጠው የሚናገር ምዕራፍ ሊቃውንቱ አላሳዩኝም። የእኛ አገር ሕግም ዝም አላለም፤ ስለ ኮምፒውተር ወንጀል የወጣው አዋጅ ቁጥር 958/2008 የይለፍ ቃልን ያለ ፈቃድ አሳልፎ መስጠትን ከወንጀል ይቈጥረዋል። ግን እስቲ በቡና ሰዓት፣ አሥር ዓመት አብሮን የሠራ ባልንጀራ «ቃልህን ስጠኝና ፈቃዴን ላስገባ» ሲል፣ አዋጁን ከነቁጥሩ ጠቅሶ እምቢ የሚል ማን ነው? ቢልስ በማግሥቱ ሲኒ ማን ይቀዳለታል? ይሉኝታ የሚባለውን ነገር እስከ ዛሬ የሰበረ የኮምፒውተር ጥበብ አላየሁም፤ ሌባም ይህን ያውቃል። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የሚባለው እውነት ቢሆንም፣ በዘመናችን ግን ባለቤቱን እያከበሩና «ጋሼ» እያሉ አጥሩን የሚያልፉ በዝተዋል፤ ከባንክ ነው የምደውለው ብሎ ስድስቱን አኃዝ በትሕትና የሚለምነው ሰው ንግግሩ ከመምህራን ንግግር የለሰለሰ ነው።

እኔ ሥልጣኑ ቢኖረኝ ለአይቲ ሠራተኞች ሁሉ መጽሐፈ መሳፍንትን አስነብብ ነበር። በምዕራፍ 12 የዮፍታሔ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው፣ የሚያልፈውን ሁሉ «ሺቦሌት» በል ይሉታል፤ የኤፍሬም ሰው «ሺ» ማለት ስለማይሆንለት «ሲቦሌት» ሲል ይታወቃል፤ በዚህም 42 ሺህ ሰው እንዳለቀ ተጽፏል። ያ ፈተና በምላስ ላይ የተተከለ ስለ ነበረ ለወዳጅ ማዋስ አልተቻለም፤ የዘመናችን ጥበበኞችም በብዙ አገር ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠራበትን አንዱን የአንድ መግቢያ ሶፍትዌር «ሺቦሌት» ብለው ሰይመውታል። ሟቾቹን አስበው እንደ ሆነ አላውቅም።

ጥቂት ምዕራፍ አለፍ ብሎ ደግሞ ሶምሶን አለ። ደሊላ የኃይሉን ምስጢር ስትጠይቀው ሦስት ጊዜ አታለላት፤ እርስዋ ግን ቀን በቀን ነዘነዘችው፤ በመጨረሻ ሰለቸውና ነገራት። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ኡበር በተባለው ኩባንያ የሆነው ይኸው ነው። ሌባው ለኩባንያው በኮንትራት የሚሠራ የአንድ ሰውን የይለፍ ቃል አግኝቶ ነበር፤ ሁለተኛው ምስክር ስለ ከለከለው «ልግባን?» የሚለውን ጥያቄ በሰውዬው ስልክ ላይ ደጋግሞ ላከበት፤ ሰውዬው መጀመሪያ እምቢ ቢልም በመጨረሻ አንዱን «እሺ» አለው፤ በዚያችም «እሺ» ሌባው ቤቱን ዞሮ ጎበኘ። ማይክሮሶፍት በበኩሉ በሚቀጥለው ዓመት፣ በኮምፒውተሩ ላይ የታየውን ቁጥር በስልኩ ላይ ካልጻፉ «እሺ» ማለት ብቻውን እንዳይበቃ አደረገ። ለሶምሶን ይህ ዘግይቶበታል።

ሌባ ስል ክፉ ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ። በኮምፒውተር ላይ የይለፍ ቃል ከተጀመረባቸው ቦታዎች ቀዳሚው በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1961 ፈርናንዶ ኮርባቶና ጓደኞቹ የሠሩት፣ ብዙ ሰው በአንድ ማሽን የሚሠራበት ሥርዓት ነው፤ በዓመቱ፣ በ1962፣ አለን ሸር የተባለ የዶክትሬት ተማሪ የይለፍ ቃሎቹ የተጻፉበት ፋይል እንዲታተም አድርጎ ሁሉንም አገኛቸው። ምን ፈልጎ ነው ቢሉ፣ በሳምንት የተመደበለት የማሽን ሰዓት ለጥናቱ አልበቃ ብሎት ነው። የመጀመሪያው የይለፍ ቃል ሌባ ሥራ የበዛበት ትጉህ ሰው ነበረ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት ብዙዎቹም የእርሱ ወገን ናቸው፤ ሥራው እንዳይቆም ብለው ነው የሚሰርቁት።

እንግዲህ ይጥበቅ ወይስ ይላላ ብሎ ሲከራከር ለሚውል ሰው እኔ የማሳየው የደብሩን ሙዳየ ምጽዋት ነው። በብዙ አድባራት ሣጥኑ ሁለት ወይም ሦስት ቁልፍ አለው፤ ቁልፎቹም በልዩ ልዩ ሰዎች እጅ ናቸው፤ አንዱ ለቅሶ ሄዶ እንደ ሆነ ሣጥኑ ሳይከፈት ይሰነብታል፤ አለቃው ራሳቸው ቢቸኩሉ «ቁልፍህን ላክልኝ» አይሉም፤ ሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ፣ ተቈጥሮ፣ ተፈርሞ ይወጣል። በሌላ በኩል ግን በሣጥኑ አናት ላይ ቀዳዳ አለች፤ ድኻዋ አሮጊት በሌሊት መጥታ አንድ ብር ስትጥል ማንም «ማን ልበል?» አይላትም። ለመስጠት ቀዳዳ፣ ለመውሰድ ሦስት ቁልፍ! ያንን ሣጥን የሠራው አናጢ፣ ስሙን የማናውቀው፣ ዛሬ በብዙ ዶላር የሚሸጠውን ጥበብ ያለ ኤሌክትሪክ ጨርሶት ሄዷል።

የእኛ ኮምፒውተር ግን ይህን አይለይም። የቀረኝን የዓመት ፈቃድ ልይ ስል የሚጠይቀኝ ያንኑ፣ አንድ ሚሊዮን ብር ላውጣ ባይ የሚጠይቀውንም ያንኑ ነው፤ ስለዚህ ሰው በትንሹ ነገር ይሰለችና በትልቁ ይዘናጋል። ሥርዓቱ እንደ አደጋው መጠን እንዲጠይቅ ማድረግ እንደሚቻል የአይቲው ልጅ ነግሮኛል፤ ለማየት የጠዋቱ መግቢያ ይበቃል፣ ገንዘብ ለማውጣት ግን እንደ ገና ይጠየቅ፤ ሁልጊዜ በሚታወቅ ኮምፒውተር ላይ ለሚሠራ ይላላ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ከማይታወቅ ስፍራ ለሚመጣ ይጥበቅ። ይህ ሁሉ በሥርዓቱ ውስጥ አለ፤ ማዘዝ ብቻ ነው። ያዘዘ ግን የለም፤ ሥርዓቱ ሲተከል ሁሉን «አጥብቅ» የሚለውን መጫን ቀላሉ ስለ ነበረ ነው።

የአገራችንንም መንገድ መርሳት አይገባም። በስልክ የሚላክ አኃዝ ስልክ እንደሚሠራ አምኖ የተፈጠረ ነው። በነቀምቴ መብራት ሲሄድ ኔትወርኩ ይከተለዋል፤ በመስኮቱ ላይም «ሲስተም የለም» የሚለው አጭር ዐዋጅ ይነበባል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ እስከ መጋቢት በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉድሩ ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረበት ወራት፣ ሰው የእናቱን ደኅንነት ለመጠየቅ ያጣውን መስመር ስድስት አኃዝ ከየት ያገኘዋል? የስልክ መስመር በሌለበትም የሚሠሩ መንገዶች አሉ፤ ያለ ኔትወርክ በስልኩ ውስጥ አኃዝ የሚያወጡ መተግበሪያዎች፣ በኮምፒውተሩ ጎን የሚሰኩ ትናንሽ ቁልፎች አሉ። ለደምቢ ዶሎና ለሻምቡ መሥሪያ ቤቶች መጀመሪያ መታሰብ የነበረባቸው እነዚህ ነበሩ።

ነገሩ ከመሥሪያ ቤት አጥር ወጥቶ አገር ሊሞላ መሆኑም ታውቋል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው ብሔራዊ መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ ባለ 12 አኃዝ ቁጥሩ፣ የጣት አሻራውና የዓይን ብሌኑ ተደምሮ፣ ለባንኩም ለሌላውም አገልግሎት አንድ ማንነት ይሆናል፤ አረጋጋጩ አኃዝም በተመዘገበው ስልክ ይላካል። በጎ ነገር ነው፤ በሰባት ቢሮ ሰባት ፎቶ ኮፒ ይዞ ከመዞር ያድናል። ነገር ግን ለፋይዳ ያስመዘገበውን ሲም ለልጁ ሰጥቶ ለራሱ አዲስ የሚገዛውን አባት በየገበያው አያለሁ፤ ልጁም ደግ ልጅ ከሆነ ለጓደኛው ያውሰዋል።

አንዳንዶች ይህ ሁሉ ጥበቃ ቢኖርም በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰበትን እያነሡ ይሳለቃሉ። በአንዲት ሌሊት በሥርዓት ማሻሻያ ጊዜ በተፈጠረ ስሕተት ሰዎች በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ አወጡ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሌሊት ወደ ኤቲኤም ተሽቀዳደሙ፤ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ሄደ። እውነት ነው፤ ሁሉም የገቡት በየራሳቸው ምስጢር ቁጥር ነበር፤ ማሽኑ ሰዎቹን አልተሳሳተም፣ ብሩን ነው የተሳሳተው። ነገር ግን የሚበዛው ገንዘብ የተመለሰው በዚያው ምክንያት ነው፤ ማን ስንት እንደ ወሰደ ከነስሙ ተጽፎ ስለ ነበረ ባንኩ እያንዳንዱን ጠራው፣ ያልመለሱትንም ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን አወጣ። ያ ገንዘብ በተዋሱት ቃል የወጣ ቢሆን ኖሮ ስንቱ ጨዋ ሰው ፎቶግራፉ ባልበላው ብር በወጣ ነበር!

ስለዚህ በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በሻምቡ፣ በደምቢ ዶሎ የምትገኙ የሥራ መሪዎች ሆይ፣ ልመናዬ አንድ ነው። ለስብሰባ ስትሄዱ ለጸሐፊያችሁ ወይም ለምክትላችሁ ቃላችሁን አትስጡ፤ በገዛ ስማቸው እስከ ተወሰነ ገንዘብና እስከ ተወሰነ ቀን የሚያጸድቁበትን ውክልና በሥርዓቱ ላይ እንዲከፍትላቸው የአይቲውን ልጅ እዘዙት። የሚያስፈልገው የአንድ ገጽ ደብዳቤና የእናንተ ፊርማ ነው፤ ከስብሰባው በፊት ይደርሳል። እግረ መንገዳችሁንም የመዘጊያውን ሰዓት፣ ገንዘብ ለማይነካው ሥራ ብቻ፣ እስከ በረካ እንዲያራዝመው ንገሩልን።